የወተት ጥርስ መበስበስና መከላከያው፦ ለጉለሌ ክፍለ ከተማ ወላጆችና አሳዳጊዎች

የወተት ጥርስ መበስበስ በአፍ ውስጥ የሚገኙ ባክቴሪያዎች ከስኳር በሚሠሩት አሲድ ምክንያት የጥርስ ጠንካራ ውጫዊ ሽፋን ማዕድኑን ቀስ በቀስ እያጣ የሚቦረቦርበት የሕፃናት በሽታ ነው። የመጀመሪያው ጥርስ ከድድ ብቅ ካለበት ዕለት ጀምሮ ሊከሰት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ባደረገው ሪፖርት መሠረት በዓለም ዙሪያ 514 ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑ ሕፃናት የወተት ጥርሳቸው በዚህ በሽታ ተጎድቷል። ይህን ያህል የተስፋፋ ቢሆንም በሽታውን መከላከል ይቻላል፤ የመከላከሉም ሥራ በአብዛኛው የሚከናወነው በሕክምና ተቋም ሳይሆን በመኖሪያ ቤት ነው።

መርገፉ ላይቀር ለምን ይጠበቃል?

ብዙ ወላጆች የልጃቸው ጥርስ ሲጠቁር ቢያዩም ወደ ሕክምና የማይሄዱት «የወተት ጥርስ ነው፤ መርገፉ አይቀርም» በማለት ነው። አባባሉ ከፊል እውነት አለው። የታችኛው የፊት ጥርስ በ6 ወር ገደማ ይበቅላል፤ ሃያዎቹም የወተት ጥርሶች ሁለት ዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ወጥተው ያልቃሉ። የፊቶቹ በ6 እና በ7 ዓመት አካባቢ መርገፍ ይጀምራሉ። የኋለኞቹ የወተት መንጋጋዎች ግን ልጁ 10 ወይም 12 ዓመት እስኪሆነው ድረስ በአፉ ውስጥ ይቆያሉ። ስለሆነም በ3 ዓመቱ መንጋጋው የተቦረቦረ ልጅ ያንን ጥርስ ይዞ ገና ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሊበላበት፣ ሊያድርበትና ትምህርት ቤት ሊውልበት ይጠበቃል።

ሌላው ምክንያት ከሥር ያለው ነው። ቋሚው ጥርስ የሚሠራው ከወተት ጥርሱ ሥር፣ በመንጋጋ አጥንት ውስጥ ነው። ከላይ ያለው ጥርስ በስብሶ ሥሩ መግል ከያዘ ገና በመሠራት ላይ ያለው ቋሚ ጥርስ ሊጎዳ ይችላል። የወተት መንጋጋ ያለጊዜው ሲነቀል ደግሞ ጎረቤት ጥርሶች ወደ ባዶው ቦታ ያዘነብላሉ፤ ተተኪውም መውጫ አጥቶ ጠሞ ይበቅላል። ጥርሱ የሚያመው ሕፃን ምግብ ይጠላል፤ ሌሊት ይነሳል፤ ክብደቱም በሚገባው መጠን ላይጨምር ይችላል። ሕመሙን በቃል መናገር ስለማይችልም ቤተሰቡ ጠባዩ የተበላሸ ወይም ምግብ የሚያማርጥ ልጅ አድርጎ ይወስደዋል።

ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነጥብ አለ። የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ በ6 ዓመት ገደማ የሚወጣው ምንም የወተት ጥርስ ሳይረግፍ፣ ከሁሉም በስተኋላ ነው። የወደቀ ጥርስ ስለሌለ ወላጆች ይህንንም የወተት ጥርስ ነው ብለው ይተዉታል። ይህ ጥርስ ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ አይተካም።

ጥርስን የሚያበሰብሰው የስኳሩ ብዛት ብቻ አይደለም

ሕፃኑ ስኳር ያለበት ነገር በወሰደ ቁጥር በጥርሱ ላይ የተለጠፉት ባክቴሪያዎች በደቂቃዎች ውስጥ አሲድ ያመነጫሉ። ምራቅ ይህን አሲድ አርግቦ የተነጠቀውን ማዕድን ወደ ጥርሱ ለመመለስ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። በመሆኑም በምግብ ሰዓት አንድ ጊዜ የተበላ ጣፋጭ ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ ያው መጠን ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ ሲጠባ ወይም ሲላስ የሚያደርሰው ጉዳት ይበልጣል፤ ምራቅ የጥገና ጊዜ አያገኝምና።

ሌሊት ደግሞ ችግሩ ይብሳል። በእንቅልፍ ጊዜ የምራቅ መጠን በእጅጉ ይቀንሳል፤ መዋጥም እየቀነሰ ይሄዳል። ጡጦ አፉ ውስጥ እንደያዘ የተኛ ሕፃን በጡጦው ውስጥ ያለው ፈሳሽ የላይኛው የፊት ጥርሱን እንደከበበ ያድራል። የታችኞቹን ምላስና ምራቅ ስለሚሸፍኗቸው ጉዳቱ አስቀድሞ የሚታየው በላይኞቹ ላይ ነው።

በጉለሌ፣ ከእንጦጦ ሥር በተዘረጉት ሰፈሮች ይህ ሁኔታ ከቤተሰቡ የዕለት ኑሮ ጋር ይያያዛል። በሽሮ ሜዳ ሽመና ላይ የሚውሉ፣ በአዲሱ ገበያ ንግድ ላይ የሚሰማሩ ወይም ማልደው ወደ ሥራ የሚወጡ እናቶች ሕፃኑን ለአያት፣ ለታላቅ እኅት ወይም ለጎረቤት ትተው ይሄዳሉ። ጠባቂዋ የሚያለቅሰውን ልጅ ለማባበል ስኳር የገባበት ሻይ፣ የስኳር ውኃ፣ ጭማቂ ወይም ቀጠን ያለ ጣፋጭ አጥሚት በጡጦ ብትሰጥ ከፍቅርና ከችግር የመነጨ ነው። ስለዚህም በዚህ ጽሑፍ የቀረበው ምክር ለእናት ብቻ ሳይሆን ሕፃኑ አብሯቸው ለሚውል ሰዎች ሁሉ ሊነገር ይገባል። እናት የከለከለችውን አያት ከሰጠች፣ ወይም በተቃራኒው ከሆነ፣ ጥረቱ ፍሬ አይኖረውም።

ጡጦ፣ ሻይና የእናት ጡት

እስከ 6 ወር ድረስ ለሕፃኑ ከእናት ጡት ወተት ሌላ ውኃም ቢሆን አያስፈልገውም። ከ6 ወር በኋላ ተጨማሪ ምግብ ተጀምሮ ጡት ማጥባቱ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። ጥርስ ይበሰብሳል በሚል ስጋት ጡት ማስጣል ፈጽሞ አይመከርም። ጥርስ የወጣለትና ሌሎች ምግቦችን የጀመረ ሕፃን ከመተኛቱ በፊት ጥርሱ ከጸዳ፣ አንድ ዓመት ከሞላው በኋላም ጡት እንደጎረሰ እንዳያድር ከተደረገ በቂ ነው።

ጡጦ በተመለከተ ግን ምክሩ ጠንከር ይላል። በጡጦ ሊገባ የሚችለው ወተት ወይም ንጹሕ ውኃ ብቻ ነው። ሻይ፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ጭማቂ፣ ስኳር ወይም ማር የተጨመረበት የአብሽ ውኃ በጡጦ ሊሰጥ አይገባም። ወተት የያዘ ጡጦም ቢሆን ሕፃኑ ጠጥቶ ሲጨርስ ይወሰዳል እንጂ አብሮት አይተኛም። ሌሊት መያዝ የለመደ ልጅ ጡጦውን በአንድ ቀን ማስጣል ስለሚያስቸግር በየምሽቱ ወተቱን በውኃ እያቀጠኑ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ወደ ንጹሕ ውኃ ማድረስ ይቻላል። ከ6 ወር ጀምሮ ሕፃኑን በሲኒ ወይም በኩባያ ማለማመድና አንድ ዓመት ሲሞላው ጡጦውን መተው የተሻለ ነው፤ ኩባያ ለማጠብም ከጡጦ ይቀላል።

ማር ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን በማንኛውም መልኩ አይሰጥም። ይህ ከጥርስ ጋር ብቻ የተያያዘ አይደለም፤ ማር ቦቱሊዝም የተባለ አደገኛ መመረዝ ሊያስከትል ስለሚችል ነው። ለማባበያ የሚሰጠውን ባዶ የጡጦ ጫፍ ማር ወይም ስኳር ውስጥ መንከርም የተከለከለ ነው።

ለስላሳ መጠጦች አብዛኞቹ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛሉ። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ማለት ሰባት ወይም ስምንት የሻይ ማንኪያ ስኳር ነው። ለእንግዳ የተከፈተው ጠርሙስ ለልጁም የሚቀዳበት ልማድ በበዓል ቀን አንድ ጊዜ ቢሆን ብዙም አይከብድም፤ የየዕለት ሲሆን ግን ጥርስን ያጠፋል። በጾም ወራት ቤት ውስጥ ወተትና እንቁላል ሲቀር የሕፃናቱ ድርሻ በጣፋጭ ሻይና በብስኩት እንዳይተካ ጥንቃቄ ይደረግ፤ ከምሳና ከእራት መካከል ለሚርበው ልጅ የተቀቀለ ድንች፣ አቮካዶ፣ ሙዝ፣ እንጀራ በሽሮ ወይም ዳቦ ይበቃዋል። ቆሎና ለውዝ ለጥርስ ጉዳት የላቸውም፤ ነገር ግን ከ5 ዓመት በታች ያለን ሕፃን ሊያንቁት ስለሚችሉ አይሰጡም። ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ሽሮፕ መድኃኒት ካለ ስኳር የሌለበት ዓይነት መኖሩን ፋርማሲስቱን መጠየቅና ከተሰጠ በኋላ ለልጁ ውኃ ማጠጣት ይገባል።

ማጽዳት መቼና በምን?

ጥርስ ከመውጣቱ በፊት የሕፃኑን ድድ በቀን አንድ ጊዜ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ መጥረግ ልጁን ለማለማመድ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ጥርስ እንደወጣ ግን በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተለይም ማታ ከመኝታ በፊት፣ ለስላሳ በሆነ አነስተኛ የጥርስ ብሩሽ ማጽዳት ይጀመራል። ከማታው ጽዳት በኋላ ከውኃ በስተቀር ምንም አይሰጥም።

የጥርስ ሳሙናው ፍሎራይድ ያለው መሆን አለበት። ፍሎራይድ የጥርስን ሽፋን ያጠነክራል፤ የጀማሪ ጉዳትንም ይመልሳል። ሲገዙ ማሸጊያው ላይ ከፒፒኤም ምልክት ጎን የተጻፈውን ቁጥር ማየት ያስፈልጋል፤ ቢያንስ 1000 መሆን አለበት። በልጆች ሥዕል የደመቁ አንዳንድ ሳሙናዎች ፍሎራይድ የሌላቸው ወይም መጠኑ ያነሰ ሊሆን ስለሚችል ሥዕሉ መመዘኛ አይሆንም። መጠኑ እስከ 3 ዓመት የአንዲት ሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት የአንዲት አተር ፍሬ ያህል ነው። ብሩሹን ሙሉ ማድረግ የማስታወቂያ ልማድ እንጂ የሕክምና ምክር አይደለም። ልጁ አረፋውን ይትፋ እንጂ ብዙ ውኃ አይጉመጥመጥ፤ በጥርሱ ላይ የሚቀረው ፍሎራይድ ሥራውን ይቀጥላል። የጥርስ ሳሙና ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጣል።

ልጁ ብሩሹን መያዝ ቢችልም በደንብ ማጽዳት የሚችለው ከ7 ወይም ከ8 ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ያጽዳና በመጨረሻ አንድ ትልቅ ሰው ይድገምለት። ትንሽ ሕፃን ሲሆን ጭንቅላቱን ጭን ላይ አስተኝቶ ከበላዩ ሆኖ ማጽዳት አፉን በግልጽ ለማየት ያመቻል።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው የጉለሌ ሰፈሮች ይህ ሥራ ከባድ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም ለአንድ ሕፃን ጥርስ ጽዳት ግማሽ ኩባያ ንጹሕ ውኃ ይበቃል።

መፋቂያ በተመለከተ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ከወይራ ወይም ከክትክታ የሚዘጋጀው መፋቂያ በአግባቡ ከተጠቀሙበት የጥርስን ገጽ ያጸዳል፤ ለአዋቂዎችና ለታላላቅ ልጆች ይጠቅማል። ነገር ግን እንደ ጥርስ ሳሙናው ፍሎራይድ አይሰጥም፤ ጠንካራ ጫፉም የሕፃንን ድድ ሊያቆስል ይችላል። ስለዚህ ለሕፃናት በብሩሽና በሳሙና ምትክ አይውልም።

በዚህ ረገድ የመጠጥ ውኃም ልዩነት ያመጣል። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ በሚገኙ ብዙ የጉድጓድ ውኃዎች ውስጥ ፍሎራይድ ከመጠን በላይ ነው፤ በዚያ ያደጉ ልጆች ቋሚ ጥርስ ቡናማ ነጠብጣብና ጉድጓድ ሊይዝ ይችላል። አዲስ አበባ ግን በዋናነት የምትጠጣው ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ሲሆን በውኃው ያለው ፍሎራይድ ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ ለጉለሌ ሕፃን ጥርሱን የሚጠብቀው ፍሎራይድ በዋናነት ከጥርስ ሳሙናው የሚገኘው ነው።

የላይኛውን ከንፈር ገልጦ ማየት

በወር አንድ ጊዜ፣ በብርሃን ፊት፣ የሕፃኑን የላይኛ ከንፈር በጣት ወደ ላይ ገልጦ የፊት ጥርሶቹን ከድዱ ጋር በሚገናኙበት መስመር ማየት ያስፈልጋል። በዚያ መስመር ላይ ጠመኔ የመሰለ ደብዛዛ ነጭ ጭረት ከታየ የመበስበስ የመጀመሪያ ምልክት ነው። በዚህ ደረጃ ገና ጉድጓድ አልተፈጠረም፤ ሕመምም የለም። የሌሊቱ ጡጦ ከቆመና ጥርሱ በፍሎራይድ ሳሙና ከጸዳ ጉዳቱ ሊቆም፣ ሊመለስም ይችላል። ከዚህ በኋላ ቢጫ ወይም ቡናማ ቀለም፣ ቀጥሎም ጉድጓድ ይመጣል፤ ያኔ በቤት ውስጥ ጥረት ብቻ የሚመለስ አይሆንም።

ጥቁር ነገር ሁሉ መበስበስ አይደለም። የብረት ማዕድን ሽሮፕ የሚወስድ ሕፃን ጥርሱ ላይ ጥቁር ቀለም ሊይዝ ይችላል፤ ይህ በገጽ ላይ የሚቀር ስለሆነ መድኃኒቱን ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም። ቢሆንም በባለሙያ መታየቱ ጥርጣሬን ያስወግዳል።

ባክቴሪያው ከሰው ወደ ሕፃኑ ስለሚተላለፍ ምግብ አላምጦ መስጠትና በአንድ ማንኪያ ቀምሶ ማጉረስ ባይደረግ ይመረጣል። የነፍሰ ጡር እናት ጥርስ ካመማት በእርግዝና ክትትል ጊዜ መናገርና መታከም ትችላለች፤ እርጉዝ መሆን ለጥርስ ሕክምና እንቅፋት አይደለም።

ድድ መብጣትና ሌሎች ልማዳዊ ድርጊቶች

በአንዳንድ ቤተሰቦች ሕፃኑ ሲያተኩሰው ወይም ሲያስቀምጠው በድዱ ላይ ያበጠውን ቦታ «በሽታው ይህ ነው» በማለት በባህላዊ መሣሪያ አስበጥቶ ያልወጣውን ጥርስ የማስወጣት ልማድ አለ። ያ እብጠት ሊወጣ የተቃረበ የክራንቻ ጥርስ እንጂ በሽታ አይደለም። ድርጊቱ ደም መፍሰስን፣ ቴታነስንና በደም የሚተላለፉ በሽታዎችን ሊያስከትል፣ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስም ሊያጠፋ ይችላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 እና 562 በሕፃናት ላይ ጉዳት የሚያደርሱ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን፣ የወተት ጥርስ ማውጣትንና እንጥል መቁረጥን ጨምሮ፣ የሚያስቀጡ አድርጎ ደንግጓል።

ጥርስ ማብቀል ከፍተኛ ትኩሳትም ሆነ ተቅማጥ አያመጣም። በዚህ ዕድሜ ያለ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ስለሚያስገባ ተቅማጡ የሚመጣው ከዚያ ነው። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ኦአርኤስና ዚንክ እንዲያገኝ ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት እንጂ ድዱ አይነካም።

«የጥርስ ትል» የሚባል ነገር የለም። የተቦረቦረ ጥርስ ላይ አረቄ፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም የተፈጨ አስፕሪን ማድረግ የሕፃኑን ድድ ያቃጥላል እንጂ ቀዳዳውን አይዘጋም። ሕክምና እስኪገኝ ድረስ በክብደቱ ልክ የታዘዘ ፓራሲታሞል ይበቃል።

በጉለሌ አገልግሎት ማግኘት

ለጥርስ ምርመራ ተብሎ የተለየ ቀን መጠበቅ አያስፈልግም። ሕፃኑ ለኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር፣ እንዲሁም ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ዕድሜው ድረስ በየ6 ወሩ ለቫይታሚን ኤ ወደ ወረዳው ጤና ጣቢያ ይመጣል። በእነዚህ ቀናት ባለሙያው ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን እንዲያይለት ወላጅ መጠየቅ ይችላል፤ ምርመራው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ወደ ቤት የሚመጡ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችንም ማማከር ይቻላል።

ጤና ጣቢያው ከአቅሙ በላይ የሆነውን የሪፈር ወረቀት ጽፎ ይልካል። በክፍለ ከተማው የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ የጥርስና የአፍ ሕክምና ይሰጣል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የአባልነት ደብተራቸውን ይዘው አስቀድመው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይኖርባቸዋል፤ ያለ ሪፈር በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መሄድ ለወጪ ይዳርጋል። የክትባት ካርዱንና ልጁ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች መያዝ የባለሙያውን ሥራ ያቀልላል።

ሕክምናው እንደ ጉዳቱ ደረጃ ይለያያል። በነጭ ጭረት ደረጃ ፍሎራይድ ይቀባል። ትንሽ ጉድጓድ ሲሆን በእጅ መሣሪያ ብቻ ተጠርጎ፣ ያለ መሰርሰሪያና ብዙ ጊዜ ያለ መርፌ፣ ሊሞላ ይችላል። ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የተባለው ፈሳሽ በሚገኝበት ተቋም ደግሞ የበሰበሰው ክፍል ላይ ተቀብቶ ጉዳቱን ያስቆማል፤ የተቀባው ቦታ ግን ለዘለቄታው ስለሚጠቁር ወላጅ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ይህ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ዘግይቶ የመጣ ልጅ ግን ጥርሱ ሊነቀል፣ በጣም ትንሽ ከሆነና ብዙ ጥርሶቹ ከተጎዱ ደግሞ በሙሉ ማደንዘዣ ሊታከም ይችላል፤ ይህም ለቤተሰቡ ቀጠሮና ወጪ ያበዛል።

የሕፃኑ ጉንጭ ወይም የዓይኑ ሥር ካበጠ፣ ከጥርስ ሕመሙ ጋር ትኩሳት ካለው፣ አፉን መክፈት ወይም መዋጥ ካቃተው፣ አልያም አተነፋፈሱ ከተቸገረ ቀጠሮና ሪፈር ሳይጠበቅ በማንኛውም ሰዓት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መወሰድ አለበት። እብጠቱን በቤት ውስጥ ማፍረጥም ሆነ በሙቅ ነገር መተኮስ አይፈቀድም። የታከመ ልጅ በየ3 ወሩ ተመልሶ ይታያል፤ ጥርሱ ጤነኛ የሆነው ደግሞ በየ6 ወሩ፣ ከቫይታሚን ኤው ቀን ጋር።